የወንዱም ሥራ ይጠየቅ፦ የሥራ ቦታ መርዞችና ልጅ መውለድ

(ለጋራዥ፣ ለባትሪ ቤትና ለእርሻ ሠራተኞች እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር በጽሑፍ። ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ ሐኪሞች መካንነት ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ6 ሰዎች አንዱን በሕይወት ዘመኑ ያጋጥመዋል። ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሴቷ ጋር ተደርቦ። በእኛ ዘንድ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ነው። ጠበል የምትወሰደው እሷ፣ ማህፀኗ የሚታየው እሷ፣ አማቷ ፊት አንገቷን የምትደፋው እሷ። ባልየው አንድ ቀን ሳይመረመር እሷ ዓመታት ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። ይህ ግፍ ነው፤ መፍትሔውንም ያዘገያል።

ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ቢደርሱ እንኳ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር አለ፤ እሱም ሥራቸው ነው። ካርዱ ላይ «ሥራ፦ የግል» ተብሎ ይጻፋል። የግል ማለት ባትሪ መክፈት ይሁን፣ መኪና ቀለም መቀባት ይሁን፣ ሱቅ መጠበቅ ይሁን ከካርዱ አይታወቅም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ልጅ ባልመጣበት ቤት የወንዱም የሴቷም ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መሆን አለበት። መርዙን የመከላከሉም ሥራ ለሴት ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሳይሆን ለሁሉም ሠራተኛ መሆን አለበት።

ሦስት ወር

አስቀድመን ስለ ሰውነት ጥቂት እንበል። የወንድ ዘር ከመነሻ ሴሉ ተነስቶ እስኪበስል 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያም ከዘር ፍሬው ጀርባ በተጠመጠመው ቀጭን ቱቦ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ መዋኘት የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደመር ሦስት ወር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ የሚመረመር የዘር ፈሳሽ የሚናገረው ስላለፉት ሦስት ወራት ነው። ከመርዝ የራቀ ሰውም ማገገሙ የሚታየው ወሩ ሲቆጠር ነው፤ በሳምንቱ ተመርምሮ «ለውጥ የለም» ማለት ከንቱ ነው።

የሴቷ እንዲህ አይደለም። እንቁላሎቿን በሙሉ ይዛ ትወለዳለች። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱት እንቁላሎች በዕድሜ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ የጠፋው አይተካም። የወንዱ ይተካል። ነገር ግን መነሻ ሴሎቹ ከሞቱ የእሱም አይተካም።

ይህ በብዙ ወንዶች ላይ በግልጽ የታየው በ1977 በካሊፎርኒያ ላትሮፕ በምትባል ከተማ ነው። በዚያ ያለ ፋብሪካ ዲቢሲፒ የተባለ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ትሎችን የሚገድል ኬሚካል ያዘጋጅ ነበር። ወንዶቹ ሠራተኞች እርስ በርስ ሲያወሩ ልጅ የወለደ እየጠፋ መሆኑን አስተዋሉ። መጀመሪያ የነቁት ሐኪሞችም ተቆጣጣሪዎችም አልነበሩም፤ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ሲመረመሩ ከፊሎቹ ዘራቸው እጅግ ቀንሶ፣ ከፊሎቹ ጭራሽ ጠፍቶ ተገኘ። የሚያሳዝነው፣ ኬሚካሉ የአይጥን የዘር ፍሬ እንደሚያሟሽሽ በ1961 ታትሞ ነበር። ማስጠንቀቂያው 16 ዓመት ቀድሞ ወጥቶ ለሠራተኛው ግን አልደረሰም። አሜሪካ በ1979 አብዛኛውን አጠቃቀም አገደች፤ ኬሚካሉን ሲረጩ የኖሩ የኮስታ ሪካ የሙዝ እርሻ ሠራተኞች ግን ከሺህ በላይ የሚሆኑት መካን ሆነው ቀሩ። ለአጭር ጊዜ የነካቸው ብዙዎቹ አገገሙ፤ ለዓመታት የሠሩበትና ዘራቸው ፈጽሞ የጠፋ ግን አብዛኞቹ አልተመለሰላቸውም።

በ1995 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሹን በሌላ ቀየረ። አዲሱ ፈሳሽ 2-ብሮሞፕሮፔን ነበረበት። በክፍሉ ከሚሠሩት 25 ሴቶች የ16ቱ የወር አበባ ቆመ፤ ከ8ቱ ወንዶች የ6ቱ ዘር ቀነሰ ወይም ጠፋ። ፈሳሹ የተቀየረው የቀድሞው የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ ነበር። አንዱን መርዝ ሲተዉ የሚተካውን ሳይመረምሩ መቀበል ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከላትሮፕ አንድ ነገር በደንብ ያዙ፦ ወንዶቹ አልታመሙም ነበር። ጉልበታቸውም ፍላጎታቸውም እንደ ወትሮው ነበር። ወንዱ «እኔ ምንም አልጎደለኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ የዘሩ ብዛት ግን በዚያ አይታወቅም። የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

ባትሪ ቤት

ከሁሉም አስፍተን የምንናገረው ስለ እርሳስ (ሊድ)፣ ባትሪ ውስጥ ስላለው ብረት ነው፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ አለና።

የሞተ ባትሪ ይከፈታል፣ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይወጣሉ። ደህና የሆኑት ተመርጠው ይታጠባሉ፤ የተበላሹት በጣሳ ወይም በአሮጌ ድስት ቀልጠው የሳህኖቹ ማያያዣ ይሆናሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሰል ላይ በወናፍ ሲናፈስ ግን ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የሚነሳው ጢስ በዓይን ብዙም ሳይታይ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ይህ የሚታወቀው መንገድ ነው። የተናቀው መንገድ ዱቄቱ ነው። በሳህኖቹ ላይ የተለጠፈው ግራጫና ቡናማ ልጥፍ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ተነስቶ ፊትና ፀጉር ላይ ያርፋል። ከቀለጠው ላይ እየተገፈፈ የሚጣለው አመድ መሳይ ነገርም እርሳስ ነው።

ምሳ እዚያው ይበላል። እጅ በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ እንጀራው ይቆረሳል፤ በጥፍር ሥር የቀረው ዱቄት ከወጡ ጋር ይገባል፣ በጉርሻም ለሌላው ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ደግሞ ቅጠሉን አንድ በአንድ የሚነካው በዚያው እጅ ነው። ሲጋራም እንደዚሁ።

ለጾመኛ ሠራተኛ የሚነገር ሌላ ነገር አለ። ከምግብ ጋር የተዋጠ እርሳስ ወደ ደም የሚዘልቀው ከመቶ አሥር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ግን ከግማሽ በላይ ሊዘልቅ እንደሚችል ተለክቶ ታውቋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳን እስከ መግሪብ እህል ሳይቀምስ አቧራ ውስጥ የሚውል ሰው በተመሳሳይ አቧራ የበለጠ ይመረዛል ማለት ነው። ጾሙን ተዉ የሚል የለም። በእነዚያ ወራት መክፈቱንና ማቅለጡን መቀነስ፣ ፊትን አዘውትሮ መታጠብ፣ አፍን መጉመጥመጥ ግን ይቻላል። የብረትና የካልሲየም እጥረትም እርሳስ በብዛት እንዲገባ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሲፈቱ ጤፉ፣ ጎመኑና ጥራጥሬው አይጉደል።

ወተቱስ? ብዙ ሠራተኛ ወተት መርዝ ያወርዳል ብሎ ያምናል፤ ወተት የሚያድሉ አሠሪዎችም አሉ። ካልሲየሙ በሆድ በኩል የሚገባውን እርሳስ በመጠኑ ይቀንሳል፤ እውነትነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። በሳንባ የገባውን አያወጣም፣ የቲነርን ሽታም አያጠፋም። በነፋስ መውጫ ፋንታ ወተት የሚሰጥ አሠሪ ግዴታውን አልተወጣም።

እርሳስ ደም ውስጥ የሚቆየው አጭር ነው፤ በየወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በአዋቂ ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከመቶ ዘጠናው ግን አጥንት ውስጥ ነው፤ እዚያ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ሰውነት ካልሲየም ፍለጋ አጥንትን ሲፈታ እርሳሱም አብሮ ይወጣና በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ሥራውን የተወች ሴትም ስታረግዝ ለሐኪሟ መንገር አለባት። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት መጨመር፣ የፅንስ መጨንገፍ፣ የልጁ ክብደት ማነስና የአእምሮ ዕድገት መጎዳት ከእርሳስ ጋር ይያያዛሉ። በወንዱ በኩል በደም ውስጥ ያለው መጠን 40 ማይክሮግራም በዴሲሊትር (በ100 ሚሊ ሊትር ደም) አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን የዘር ብዛት መቀነሱ ተደጋግሞ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት 5 ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ ይወገድ ይላል። በ1978 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የእርሳስ ደንብ ደግሞ ሠራተኛው ከሥራው እንዲነሳ የሚያስገድደው 60 ሲደርስ ነው። ሕጋዊ መሆንና ለዘር ደህና መሆን ይለያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ እናንሳ። ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው የአሜሪካ ባትሪ አምራች በ1982 መውለድ የሚችሉ ሴቶች እርሳስ ባለበት ክፍል እንዳይሠሩ ከለከለ፤ መካን መሆኗን በሐኪም ማስረጃ ካላቀረበች በቀር። ወንዶቹ ግን ባሉበት ቀጠሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ክልከላው ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ እርሳስ የወንዱንም ዘር እንደሚጎዳ ማስረጃ ቀርቦ ነበርና። ሴቶችን አስወጥቶ ወንዶቹን መርዝ ውስጥ መተው ጥበቃ አይባልም። መቀነስ ያለበት እርሳሱ ነው።

ታዲያ በትንሽ ባትሪ ቤት ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚበልጠው አለማቅለጥ ነው፤ ያረጀውን ሳይከፍቱ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ መስጠት። የግድ ከሆነ መክፈቻው ከመኖሪያና ከምግብ ቦታ ተለይቶ ነፋስ በሚያልፍበት ይሁን። ሳህኖቹ እርጥብ እንዳሉ ይሠራባቸው፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ውኃ ተርከፍክፎ ይጠረግ። ውኃ ግን ወደቀለጠው እርሳስ አይጠጋ፤ እርጥብ ማማሰያ እንኳ ሲነካው ይፈነዳል። እጅ በሳሙናና በጥፍር ብሩሽ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው ምሳ የሚቀርበው። ቱታና ጫማ ከሥራ ቦታ አይወጡም፤ ገላ ታጥቦ ልብስ ቀይሮ ወደ ቤት። ቱታው ቤት ሄዶ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ከተነከረ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ገደል ገባ፤ ትንሽ ልጅ ከሚውጠው እርሳስ እስከ ግማሽ የሚሆነው ወደ ደሙ ይገባልና። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከዚህ ሥራ ትራቅ።

ምርመራው ከክንድ ደም ሥር በሚቀዳ ደም ይሁን። ከጣት የሚወሰደው በቆዳ ላይ ባለው ዱቄት ሊሳሳት ይችላል። እርሳስ የሚያወጣ መድኃኒት ለጥንቃቄ እየተባለ አይወሰድም፤ በተለይ ሥራው ሳይቆም ከተወሰደ የበለጠ እርሳስ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል።

በነገራችን ላይ እርሳስ ከሥራ ቦታ ውጭም አለ። አንዳንድ ኩል ዋናው ንጥረ ነገሩ እርሳስ ነው። ከወዳደቀ ብረታ ብረት በእጅ የሚወጡ የአሉሚኒየም ድስቶች በተለይ ቲማቲምና ሎሚ ሲበስልባቸው እርሳስ እንደሚለቁ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተረጋግጧል። ቆዳ ማቅያ ቅባቶች ላይ ደግሞ የሚያሰጋው ሜርኩሪ ነው፤ ስምና አምራች ያልተጻፈበት ቅባት አይገዛ።

ቲነር፣ ቤንዚንና ማስክ

ጋራዥ ውስጥ ግራሶ የነካው እጅ በቤንዚን ይታጠባል። ቤንዚን የቆዳውን ቅባት ገፎ ራሱ ይገባል፤ ውስጡ ያለው ቤንዝን የተባለ ኬሚካል ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል። ነዳጅ በጎማ በአፍ ስቦ መቅዳትም ሳንባን ያቃጥላል። ግራሶን የምግብ ዘይት ያላቅቀዋል፤ እጁን በዘይት አሽቶ በፈሳሽ ሳሙና መታጠብ በቂ ነው።

በቲነርና በቀለም ውስጥ ቶሉዊን አለ፤ በአንዳንዱ ግላይኮል ኢተር ከሚባሉት ማሟሚያዎች ወገን ይገኛል። ከእነዚህ ሁለቱ፣ 2-ሜቶክሲኤታኖልና 2-ኤቶክሲኤታኖል፣ የወንድን ዘር የሚቀንሱ ናቸው፤ በመርከብ ቀለም ቀቢዎች ላይ ታይቷል። ጣሳው ላይ እነዚህን ስሞች ካያችሁ ሌላ ምርጫ ጠይቁ። ስም ሳይኖረው በኮዳ የሚሸጥ ቲነር ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም።

ማስክን በተመለከተ ስህተቱ የበዛ ነው። የሐኪም ማስክ ለቀለም ቀቢ ምንም አይጠቅምም። ኤን95ም አቧራ ይይዛል እንጂ የቲነርን እንፋሎት አያስቀርም። የሚያስፈልገው የከሰል ማጣሪያ (ካርትሪጅ) ያለው ማስክ ነው፤ በአውሮፓውያን አሠራር ቡናማ ቀለበት ያለበት ኤ የሚል፣ በአሜሪካውያን ጥቁር ምልክት ያለበት። ስፕሬይ ሲደረግ ከፊቱ የጠብታ ማጣሪያ ይጨመርበታል። ካርትሪጁ ሜዳ ላይ ተሰቅሎ ካደረ ሽታውን እየሳበ ያልቃል፤ በሚዘጋ ላስቲክ ይቀመጥ። ማስኩን አድርጋችሁ ቲነሩ ከሸተታችሁ ካርትሪጁ አልቋል። ሙሉ ጢም ያለው ሰው ፊት ላይ ማስኩ አይገጥምም፤ በጢሙ በኩል አየሩ ሳይጣራ ይገባል።

እርሻና ፀረ ተባይ

በባቱ ዙሪያም ሆነ በሌላ ስፍራ በግሪን ሃውስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይመረዛል፦ የሚረጨው፣ እንዲሁም ከተረጨ በኋላ አበባ ለመቁረጥና ለማሰር የሚገባው። ሁለተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማሸጊያው ላይ ከርጭት በኋላ ስንት ሰዓት ሳይገባ እንደሚቆይ ተጽፏል። ያ ሰዓት በር ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ካልተለጠፈ ቆራጮቹ ሊያውቁት አይችሉም፤ ቅጠሉ ቢደርቅም መርዙ በእጅና በክንድ ይገባል።

ብዙ ሰው ዋናው መግቢያ አፍንጫ ይመስለዋል። በእርሻ ዋናው መግቢያ ቆዳ ነው፤ ቆዳም ሁሉ አንድ አይደለም። ፓራቲዮን በተባለው ፀረ ተባይ ላይ በተደረገ ልኬት የወንድ የዘር ከረጢት ቆዳ ከክንድ ቆዳ ወደ 12 እጥፍ አሳልፏል። የጀርባ መርጫው ጎማው አልቆ ሲያንጠባጥብ ወርዶ የሚያርሰው ወገብንና ቂጥን፣ ከዚያም ያንኑ ቦታ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ተሞልቶ ይሞከር፤ ከጀርባ ላስቲክ ይታሰር። ሌላው ቀላሉና የሚዘነጋው፦ የሚረጭ ሰው እጁን ሽንት ቤት ሳይገባ በፊት ይታጠብ። ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው የምንታጠበው፤ ለእሱ ግን በፊቱ ይበልጣል።

አደገኛው ሰዓት ከርጭቱ ይልቅ የመበጥበጫው ነው፤ ያኔ መርዙ ገና አልቀጠነምና። ረጅም የኒትሪል ጓንት፣ የፊት መከለያ፣ የላስቲክ ሽርጥ ያስፈልጋል። የቆዳና የጨርቅ ጓንት መርዙን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ እጅ ላይ ያቆየዋል፤ ባዶ እጅ ይሻላል እስከማለት ያደርሳል። ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ጀሪካኑ ተበስቶ ይወገድ። ሳይበሳ ከወጣ የውኃ ወይም የጠላ መያዣ መሆኑ አይቀርም።

ኦርጋኖፎስፌት የተባለውን የፀረ ተባይ ዓይነት ለሚረጩ ሠራተኞች ኮሊንኤስቴሬዝን፣ መርዙ የሚያዳክመውን ኢንዛይም፣ የሚለካ የደም ምርመራ አለ። ዋጋ የሚኖረው ግን ርጭቱ ከመጀመሩ በፊት የራሱ የሠራተኛው መነሻ ከተለካ ነው። በካሊፎርኒያ ደንብ በቀይ ደም ሴል ውስጥ ያለው ኮሊንኤስቴሬዝ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ሠራተኛው ከርጭት ይነሳል፤ ወደ 80 ሳይመለስ አይመለስም። መነሻ የሌለው ምርመራ «ደህና ነህ» ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን ሲሶውን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሙቀትና ጢስ

የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት ነው። የዳቦ ቤት ፉርኖ ፊት የሚቆም፣ ሙሉ ቀን ወንበር ላይ የሚውል የከባድ መኪና ሹፌር፣ ምድጃ ላይ የሚሠራ ብረት አቅላጭ ይህን ያጣሉ። ሰፊ ልብስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መንቀሳቀስ፣ የፈረቃ መቀያየር ይረዳል። ወባም ሆነ ታይፎይድ፣ ብርቱ ትኩሳት ያመጣ በሽታ ሁሉ ዘርን ለሳምንታት ያወርዳልና የምርመራው ቀን ሲያዝ ይነገር።

ወደ ጓዳ ስንገባ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የፅንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ይበልጥ ይይዘዋል፤ እሷ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ካለፈች በኋላም እሱ ጋ ይቆያል። ከሰል አመድ ለበሰ፣ ጢሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በክረምት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ሰው ይገድላል። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ቀይ ሆኖ ቢገባም መስኮቱ አይዘጋ። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት ግን አሁንም ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት የእንጀራውን ተራ ሌላ ሰው ይውሰድላት።

ሕጉና ምርመራው

የፅንሱ ልብ፣ ጀርባና አንጎል የሚሠሩት ከፅንሰት በኋላ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ነው፤ የአንጎልና የጀርባ መነሻ የሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ግድም ይዘጋል። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን ገና አላወቀችም። ስለዚህ «ሳረግዝ እነግራቸዋለሁ» ማለት ይዘገያል፤ ጥበቃው ለማርገዝ ሲታሰብ ይጀምር።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ የማቅረብ፣ ስለ አደጋው የማሳወቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 87 መሠረት ሥራው ለራሷ ወይም ለፅንሷ አደገኛ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠ ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ወረቀቱን ከሐኪም ስትጠይቁ የኬሚካሉን ስም አስጽፉ፤ «ከባድ ሥራ አይመደቡ» የሚል ብቻ ከሆነ አሠሪው እዚያው ቲነሩ ዘንድ ወንበር ሊያቀርብላት ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ፣ በጥፍር ቤት፣ በጽዳትም ሆነ በፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ከሰኔ 2023 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለነፍሰ ጡር ሥራዋን የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት እወቁ።

የዘር ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሰጣል። የመጀመሪያው ጠብታ አብዛኛውን ዘር የያዘ ስለሆነ ከፈሰሰ ላቦራቶሪው ይነገረው። ሳሙና፣ ቅባትና ኮንዶም አይነካው። ቤት ከተወሰደ በውስጥ ኪስ ሙቀቱን ጠብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዝቅተኛ መነሻዎች መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ በአጠቃላይ 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀስ 42 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለ 4 በመቶ ናቸው። በአንድ ምርመራ አይፈረድም፤ ካነሰ ይደገማል። ለሐኪሙ የምትሠሩበትን ጣሳና ጠርሙስ በስልክ አንስታችሁ አሳዩት፤ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ወልደው እንደሆነም ንገሩት። ላትሮፕ የተገኘው በዚያ ነው።

ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «ሥራዬን ብቀይር ስንት ጊዜ ልጠብቅ?» የሚል ነበር። ለቲነር፣ ለሙቀትና ለአብዛኞቹ ፀረ ተባዮች ሦስት ወር ጠብቆ መመርመር፤ መሻሻል ካለ ሌላ ሦስት ወር ጨምሮ መድገም። ለእርሳስ ግን የሚቆጠረው ወሩ ብቻ አይደለም፤ ደሙ በየሦስት ወሩ እየተለካ ቁጥሩ ሲወርድ ይታያል፤ ለዓመታት የሠራበት ሰው ከአጥንቱ ስለሚመለስበት ቀስ ብሎ ይወርዳል። እስከዚያው ሚስትየዋ ብቻዋን አትመርመር፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ካርድ ያውጡ።